የጋራዥ አረር

የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ካላስተዋሉት የሚያልፍ አንድ ጉድ አለው። ሰውዬው ጋራዡ ውስጥ ለራሱ የሚጠጣት አንዲት ጠርሙስ አረቄ ቢያወጣ ወንጀለኛ ነው። (ክልከላውን ፍርድ ቤት ድረስ ወስደው የሚሟገቱ አሉ።) እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሺህ ጥይት ቢሠራ ግን ለራሱ መተኮሻ እስከሆነ ድረስ ፈቃድ አምጣ የሚለው የለም። ፈቃድ የሚጠየቀው ለገበያ ሲያመርት ነው። ጥይት እንዳይዝ በሕግ የታገደ ካልሆነ፣ የሚኖርበት ስቴትም የራሱን ደንብ ካላወጣ በቀር ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ካቲካላ በየጓዳው ሲንጠባጠብ እያየ ላደገ፣ ጥይት ግን የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ለተማረ አበሻ ይህ የተገለበጠ አገር ነው።

በዚህ ነፃነት ከሚጠቀሙት ውስጥ ቀልቤን የሚስቡት ለማግነም ሪቮልቨር አረሩን ሳይቀር እርሳስ አቅልጠው የሚያፈሱት ናቸው። ትዝብቴ ስለነሱና ስለሚያቀልጡት እርሳስ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

* * *

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለሃ፣ ቀለሃው ቂጥ ላይ ተሰክታ ስትመታ እሳት የምትሰጠው ፕራይመር፣ ባሩድ፣ ከአፉ ላይ የተቀረቀረው አረር። ከአራቱ አንዴ ተተኩሶ የማያልቀው ቀለሃው ብቻ ነው፤ ውዱም እሱ ነው። አውቶማቲክ ሽጉጥ ቀለሃውን ሣር ውስጥ ይተፋና ባለቤቱን ሲያስጎነብስ ይውላል። ስድስት ጎራሹ ግን የጎረሰውን ይዞ ይጠብቃል። በቤታቸው ጥይት የሚሞሉ ሰዎች ሪቮልቨር የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ተኩስ ሜዳ ላይም በዚህ ይለያሉ፤ ስድስቱን ቀለሃ መዳፋቸው ላይ ገልብጠው ኪሳቸው ይከታሉ፣ ዓይናቸው ደግሞ ሌላው ሰው ጥሎት የሄደውን ይቀላውጣል። ማግነም የሚያህል ኃይለኛ መሣሪያ የታጠቀ ጎልማሳ ተንበርክኮ ነሐስ ሲለቅም ማየት የራሱ ደስታ አለው።

ቀለሃና ጥይት ቆጥቦ መያዝ ለኛ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የፉዝግራ ጠመንጃ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያችን የዝርዝር ገንዘብ ሥራ ይሠራ ነበር። የፉዝግራ አረር ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 25 ግራም የሆነ እርሳስ ነው። አሜሪካኖቹ የሚመኩበት 44 ማግነም ስፋቱ 10.9 ሚሊ ሜትር፣ የተለመደው ክብደቱ 15.6 ግራም ነው። ቅድመ አያቶቻችን በዝናራቸው ተሸክመው ገበያ የሚወጡበት እርሳስ ከዚህ ይከብድ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ እንጦጦ ላይ ከጦርነት የተረፈ ቀለሃ ቀልጦ ዶቃና ጌጥ ይሆናል፤ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው።

* * *

357 ማግነም በ1935 ሲወጣ ሽጉጥ ሠሪው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የመጀመሪያውን ሽጉጥ ለኤፍቢአይ ኃላፊ ለጄ. ኤድጋር ሁቨር ሰጠ። ቀለሃው የድሮው የ38 ስፔሻል ቀለሃ ሆኖ 3.4 ሚሊ ሜትር ያህል የረዘመ ነው። የተረዘመበት ዋና ምክንያት ኃይለኛው ጥይት አሮጌና ደካማ ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ጥሩ ጥበብ ነው፤ ያላዋቂን እጅ የሚከለክለው በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሳይሆን በልክ ነው።

ያላሰቡበት ነገር ሌላ ነበር። በፋብሪካ የተሠራው ጥይት አረሩ ለስላሳ እርሳስ ስለነበር አፈሙዙን ከውስጥ በእርሳስ ይለስነው ጀመር። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ሽጉጡ መሳቱ አይቀርም፤ ባለቤቱም ማታ ቁጭ ብሎ ብራማ ቅርፊት ሲፍቅ ያመሻል። ሁሉም ሰው መድኃኒቱ እርሳሱን ማጠንከር ነው አለ። ዛሬም ብዙው ሰው የሚያምነው ይህንኑ ነው።

የቆዩት አፍሳሾች ግን በዚህ አይስማሙም፤ እኔም ወደነሱ አደላለሁ። አፈሙዙን የሚለስነው በአብዛኛው የእርሳሱ መለስለስ ሳይሆን የአረሩ መጥበብ ነው። አረሩ ከአፈሙዙ ቦይ ከጠበበ የጋለው ጋዝ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን እየላሰ ያልፋል። ለስላሳ አረር ግፊቱ ሲመታው አብጦ ክፍተቱን ይደፍናል። ከመጠን በላይ የጠነከረው አያብጥም፤ ጠቦ ከገባ ጠቦ ይወጣል። ስለዚህ የድሮ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ለስላሳ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ አሳልፎ ልኩን መውሰድ ነው፤ ከዚያ በአንድ ሺህኛ ኢንች ገደማ የሚበልጥ አረር ይሠራለታል። ንጹሕ እርሳስ በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ 5 ነው፤ አንቲሞኒና ቆርቆሮ ሲቀላቀልበት 15ም 20ም ይደርሳል። ገበያ ላይ «ጠንካራ» ተብሎ በኩራት የሚሸጠው አረር ጥንካሬው ለተኳሹ ብቻ አይደለም፤ በማሽን ሲንከባለልና በፖስታ ሲጓዝ እንዳይጎዳ ጭምር ነው። ነጋዴው ለራሱ የሚመቸውን ለደንበኛው ጥቅም አድርጎ መሸጡ በእርሳስ አልተጀመረም።

* * *

ኤልመር ኪት ሳይነሣ የዚህ ሙያ ወሬ አይሞላም። በ1899 ሚዙሪ ተወለደ፤ ዕድሜውን አብዛኛውን በሞንታና፣ በኦሪገንና በአይዳሆ ተራሮች አሳለፈ። ከብት ነዳ፣ አደነ፣ ጻፈ። ልጅ ሳለ ከሆቴል ቃጠሎ ጠባሳ ይዞ ወጥቷል። በ1925፣ በአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ አሮጌ 45 ኮልት ሽጉጡን በከባድ የጠመንጃ አረር አጭቆ ሲተኩስ የሽጉጡ የጥይት ማቀፊያ ተተርትሮ ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሩድ ይቀንስ ነበር። ኪት ያወጣው ሒሳብ ሌላ ነው። 44 ስፔሻል የሚባለው ጥይት ከ45ቱ ስለሚቀጥን ማቀፊያው ላይ የሚተርፈው ብረት ይወፍራል፤ ስለዚህ የበለጠ ይችላል አለ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት 44 ስፔሻልን ከፋብሪካው መጠን በላይ እየሞላ ሲተኩስ፣ ስለሱም ሲጽፍ፣ ፋብሪካዎቹን ሲጨቀጭቅ ኖረ። በ1955 መጨረሻና በ1956 መጀመሪያ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን፣ ሬሚንግተን ጥይቱን አወጡለት፤ 44 ማግነም ይሉታል። እሱ ግን የራሱን አረር ማፍሰሱን አልተወም።

ከሥራው የዘለቀው ግን የጥይቱ ጉልበት አይመስለኝም፤ የአረሩ ቅርጽ ነው። ግንባሩ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ትከሻው ሹል፣ ለቅባት የሚሆን ጥልቅ ቦይ ያለው አረር ነደፈ። የላይማን ኩባንያ ቅርጽ ማውጫውን 429421 በሚል ቁጥር እስከ ዛሬ ይሸጠዋል። 429 ስፋቱ በሺህኛ ኢንች ነው፤ 421 የንድፉ ተራ ቁጥር። አፍሳሾቹ ይህን ቁጥር ከስልክ ቁጥራቸው ይልቅ በቃላቸው ይይዙታል። ኪት በ1984 ሞተ።

* * *

በ1971 «ደርቲ ሃሪ» የተባለው ፊልም ወጣና ክሊንት ኢስትውድ 44 ማግነም ሲደግን ያየ ሁሉ ሱቅ ገባ። ሽጉጡ ከመደርደሪያ ጠፋ። ሻጮቹ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የሚያወሩት ቀልድ አለ፦ ያገለገለ 44 ማግነም ሊሸጥ የሚመጣ ሰው የሃምሳ ጥይት ፓኬት አብሮ ያመጣል፤ ሲቆጠር 44 ነው። ስድስቱን ተኩሶ እጁን እያሸ ሽጉጡን መልሷል ማለት ነው።

ቀልዱ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ማግነም ይዘው የዘለቁትን ብትጠይቋቸው አብዛኞቹ በሙሉ ጉልበቱ የሚተኩሱት አልፎ አልፎ ነው። ቅዳሜ ለካርቶን ኢላማ የሚሞሉት ለዘብ ያለ ጥይት ነው። የገበያውን ኃይለኛ ሽጉጥ በብዙ ገንዘብ ይገዙና ምሽታቸውን ኃይሉን ሲቀንሱ ያጠፋሉ። መቀነስም በዘፈቀደ አይሆንም። ለሙሉ ጉልበት የተሠሩ አንዳንድ ባሩዶች ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይወርዱ አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። አቅም ያነሰው አረር አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል፤ ተኳሹ ሳያውቅ ሁለተኛውን ከደገመ አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ ሙያ «ትንሽ ነው፣ ምን ያመጣል» የሚባል ነገር የለም።

* * *

ድስቱን በቅርብ ያየ ሰው ሌላው ወሬ ይረሳዋል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል። መጀመሪያ ጠርዙ ይሟሟል፣ መሐሉ ላይ ያለው ጡብ ዘንበል ይላል፣ ከዚያ በድንገት ሁሉም ፈሳሽ ነው፤ ፊቱ ያበራል፣ ወዲያው ደግሞ ግራጫ ቆዳ ይለብሳል። ሰውዬው ሰጋቱራ ወይም ቁራጭ ሰም ይጥልበታል፤ ይጨሳል፣ ነበልባል ይነሣል፣ ያማስለዋል፤ ጉድፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ በጭልፋ ይገፈፋል።

ሁለት ግማሽ ብረት ተገጥሞ በመሐሉ የአረር ቅርጽ የተቦረቦረበት ማውጫ አለ። የመጀመሪያዎቹ አረሮች ብረቱ ስላልሞቀ ተጨማደው ይወጣሉ፤ ወደ ድስቱ ይመለሳሉ፣ የሚባክን የለም። ብረቱ ሲሞቅ ጠርዛቸው ስል፣ ቦያቸው የተሟላ ይሆናል። ከላይ የተረፈችው የእርሳስ ጠብታ ስትፈስ ታብለጨልጫለች፤ ጥቂት ቆይታ ድንገት ትደበዝዛለች። ልምድ ያለው ሰው ሰዓት አያይም፤ ያቺን መደብዘዝ ነው የሚጠብቀው። ከዚያ በእንጨት መትቶ ትርፏን ይቆርጣል፣ ማውጫውን ይከፍታል፣ አረሩ ታጥፎ በተዘረጋ ፎጣ ላይ ይወድቃል። ድምፅ የለውም።

የድስቱ ጠላት ውኃ ነው። እርጥብ ቁራጭ እርሳስ፣ የላብ ጠብታ፣ የተደፋ ቢራ ከፈሳሹ በታች ከገባ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውኃው ከሺህ ስድስት መቶ እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ድስቱ በሞላ ጣሪያ ላይ ይገኛል። ጣሪያቸው ላይ የእርሳስ ጥልፍ ያለባቸው ጋራዦች አሉ፤ ባለቤቶቹ ስለሱ ሲጠየቁ ወሬ ያስቀይራሉ።

* * *

እርሳሱ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጥመኝ። በ1776 ሐምሌ ኒውዮርክ ላይ የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ ሦስተኛን ሐውልት ሕዝቡ በገመድ ጎትቶ ጣለው። በወርቅ የተለበጠ እርሳስ ነበር። አብዛኛው ኮነቲከት ውስጥ ሊችፊልድ ወደሚባል ቦታ ተወስዶ 42,088 አረር ወጣው። ያፈሰሱት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ማን ስንት እንዳፈሰሰ ሳይቀር ተመዝግቧል። ንጉሡ ወደ ወታደሮቹ ተመልሶ የተተኮሰው በዚህ መልክ ነው።

ከዚያ በኋላ ጋዜጣ መጣ። በ1886 ሥራ የጀመረው ሊኖታይፕ ማሽን ፊደል የሚያፈሰው 84 በመቶ እርሳስ፣ 12 በመቶ አንቲሞኒ፣ 4 በመቶ ቆርቆሮ ከሆነ ቅይጥ ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ በሐምሌ 1978 የመጨረሻውን የእርሳስ ገጽ አትሞ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር፣ ሌሎቹም ሲከተሉት፣ ያ ሁሉ ፊደል ቁርጥራጭ ሆኖ ተሸጠ። አረር አፍሳሾች እንደዚያ ያለ ጥጋብ አላዩም። የፖለቲከኛ ንግግርና የሙት ማስታወቂያ የነበረው እርሳስ ስንቱ ቆርቆሮ ጣሳ ላይ እንዳረፈ እግዚአብሔር ይወቀው።

ቀጥሎ ጎሚስታው ተራውን ያዘ። የጎማ ባላንስ እርሳስ ጥቂት አንቲሞኒ ስላለበት ለሽጉጥ አረር ይስማማል፤ ጎሚስታዎቹም በባልዲ ይሰጡ ነበር። አውሮፓ በ2005፣ ካሊፎርኒያ በ2010 ከለከሉት፤ አምራቾች ወደ ብረትና ዚንክ ዞሩ። አሁን ባልዲው ውስጥ የሚገኘው ቅልቅል ነው። ዚንክ የሚቀልጠው በ419 ዲግሪ ስለሆነ ሙቀቱን የሚጠብቅ ሰው ሳይቀልጥ ተንሳፍፎ ያገኘዋል። ካልጠበቀ ዚንኩ ይገባና ድስቱ ሙሉ እርሳስ እንደ ገንፎ ይጓጉላል፤ ማውጫውን አይሞላም። በተረፈ በጦር መሣሪያ ባዛሮች ላይ በሙፊን መጋገሪያ ተደርጎ የተፈሰሰ የእርሳስ ጡብ በፓውንድ ይሸጣል። ያ መጋገሪያ ወደ ማድ ቤት እንዳይመለስ ለሚስት የነገረ ባል ስንቱ ይሆን?

* * *

ሚዙሪ ውስጥ ሄርኩሌኒየም የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1892 የተጀመረው የእርሳስ ማቅለጫዋ በ2013 መጨረሻ ሲዘጋ፣ ከማዕድን በቀጥታ እርሳስ የሚያወጣ የመጨረሻው የአሜሪካ ማቅለጫ እሱ ነበር። መንግሥት ጥይት በጓሮ በር ሊከለክል ነው የሚል ወሬ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ሰው እርሳስ ማከማቸት ያዘ። የተዘጋው በ2008 በጠበቀው የአየር ጥራት ደንብ ምክንያት ነው። አሜሪካ የምትጠቀምበት እርሳስ አብዛኛው ከአሮጌ ባትሪ ተመልሶ የሚቀልጥ ስለሆነ ጥይት አላለቀም። ወሬኛው ግን ይቅርታ አልጠየቀም።

* * *

የካሊፎርኒያ ኮንዶር ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ጥንብ አንሣ ነው። በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርተው ነበር። ተይዘው ተራብተው ከ1992 ጀምሮ ወደ ዱር መመለስ ሲጀምሩ ደጋግሞ የገደላቸው እርሳስ ሆነ፤ አዳኝ ትቶት የሄደውን ሆድ ዕቃ ከነእርሳሱ ስብርባሪ ይውጡታል። ካሊፎርኒያ በ2013 ሕግ አውጥታ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደንን በሙሉ ከለከለች።

አረር አፍሳሾቹ የሚያነሡት መከራከሪያ አላቸው፦ ብዙ ስብርባሪ የሚበትነው ፈጣኑ የጠመንጃ አረር ነው፤ የኛ ዝግተኛና ወፍራም አረር ግን ሳይሰበር ያልፋል ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ሕጉ ግን አይለይም፤ መለየትም ያለበት አይመስለኝም። ጥንብ አንሣው የሚውጠው እርሳስ ከየትኛው አፈሙዝ እንደወጣ መርጦ አይውጥም። ኢላማ የሚተኩሰውን ሕጉ አልነካውም፤ ስለዚህ እዬዬው ከሚገባው በላይ ነው።

* * *

እርሳስ ሰውንም ይመርዛል፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ድስቱን ነው። ነገር ግን እርሳስ የሚፈላው በ1,749 ዲግሪ ስለሆነ በማፍሰሻ ሙቀት የሚተነው ጥቂት ነው። ወደ ደም የሚገባው በሌላ በር ነው፦ ከድስቱ የተገፈፈው ግራጫ ዱቄት፣ ባልታጠበ እጅ የተያዘ ሳንድዊች፣ የተተኮሰ ቀለሃ በማሽን ተንከባሎ ሲጸዳ የሚነሣው አቧራ። የተለመደው ፕራይመር ውስጡ የእርሳስ ውሕድ ስላለበት ቀለሃው ከተተኮሰ በኋላም ያንን ይዞ ይመጣል። አረር አፍስሶ የማያውቅ፣ ቤት ውስጥ ባለ ተኩስ ሜዳ የሚሠራ ሰው ደሙ ውስጥ ከአፍሳሹ በላይ እርሳስ ሊገኝበት ይችላል።

አንድ ቁጥር ከሌላው ጎን ሳስቀምጥ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ጀምሮ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራም እርሳስ የተገኘበትን ሕፃን ክትትል ያሻዋል ይላል፤ ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለም ይናገራል። በ1978 በወጣው የፌዴራል የሥራ ደኅንነት ደንብ አንድ ሠራተኛ ከእርሳስ ሥራው ገለል የሚደረገው በአንድ ምርመራ ቁጥሩ 60 ሲደርስ ነው። ያ ሠራተኛ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጁን ያቅፋል። ሊችፊልድ ላይ የንጉሡን ሐውልት ያፈሰሱትን ልጆች ደም የለካ የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ጋራዥህ ውስጥ አረር ባታፈስም ነገሩ አይመለከተኝም አትበል። ቨርጂኒያም ሁን አዲስ አበባ፣ ከቤትህ ሰው ተኩስ ሜዳ፣ ጎሚስታ ወይም ባትሪ ሰብሮ እርሳስ የሚያቀልጥ ቦታ የሚውል ካለ የሥራ ልብሱንና ጫማውን ደጅ ይተው፣ ልብሱ ለብቻ ይታጠብ፣ ልጅ ከማንሣቱ በፊት እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ። የልጁን ሐኪም የእርሳስ ምርመራ ጠይቁ። ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ይጀመራል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ከደም ሥር በሚቀዳ ደም ይረጋገጣል።